ኩላሊት ከተተከለ በኋላ፦ ለዓመታት የሚያቆዩትና ቶሎ የሚያበላሹት ነገሮች

ኩላሊት የተተከለለት ዘመድ ወይም ጎረቤት ያላችሁ ይህን ጥያቄ ሳትሰሙ አትቀሩም፦ "እገሌ እኮ ተተክሎለት መጣ፣ እንግዲህ ዳነ አይደል?" ዛሬ መልሱን ዘርዘር አድርገን ይዘንላችሁ ቀርበናል። ትንሽ ይረዝማል፣ ግን እስከ መጨረሻው አንብቡት።

ሀገራችን ውስጥ የመጀመሪያው የኩላሊት ንቅለ ተከላ የተደረገው በመስከረም 2008 ዓ.ም ነው። የተደረገውም አዲስ አበባ በሚገኘው የቅዱስ ጳውሎስ ሆስፒታል ሚሊኒየም ሜዲካል ኮሌጅ ሲሆን፣ የአሜሪካው ሚሺጋን ዩኒቨርሲቲ ባለሙያዎች አግዘዋል። ከዚያ በፊት አቅም ያለው፣ ወይም ወዳጅ ዘመድ ተረባርቦ ገንዘብ ያሰባሰበለት ሰው ሕንድና ሌላ አገር ሄዶ ነበር የሚታከመው። ዛሬም ውጭ ሄደው አስተክለው የሚመጡ አሉ።

ቀዶ ጥገናው በሰዓታት ያልቃል። ኩላሊቱ 3 ዓመት ይሠራል ወይስ 20 ዓመት የሚለው ግን በአብዛኛው የሚወሰነው ሰውየው ወልቂጤ ወይም ቡታጅራ ቤቱ ከገባ በኋላ ነው። የሚወስነውም በየቀኑ የሚዋጠው ክኒን፣ የማይቀርበት ቀጠሮ፣ የሚበላው ምግብና ከፋርማሲ የሚገዛው ማስታገሻ ነው።

ደግሞ ይሄ ኩላሊት እንደ ዕቃ ቢበላሽ የሚቀየር አይደለም። እዚህ ሀገር እስካሁን ሲተከል የቆየው በሕይወት ካለ ዘመድ የተገኘ ኩላሊት ነው። ወንድም፣ እህት፣ እናት ወይም አባት ከሁለቱ አንዱን ሰጥቶ ነው። እሱ ሲጠፋ የሁለት ሰው መስዋዕትነት ነው የሚጠፋው።

🔹 ለመሆኑ ስንት ዓመት ይቆያል?

በሕይወት ካለ ሰው የተወሰደ ኩላሊት በአማካይ ከ15 እስከ 20 ዓመት ይሠራል። ከሞተ ሰው የሚወሰደው ደግሞ ከ10 እስከ 15 ዓመት ገደማ። አማካይ ነው እንጂ ገደብ አይደለም፤ ከ30 ዓመት በላይ የቆየላቸው ሰዎች አሉ፣ በመጀመሪያው ዓመት ያጡትም አሉ። ልምድ ባላቸው ማዕከላት በሕይወት ካለ ለጋሽ ከተተከሉት 100 ኩላሊቶች 95 ያህሉ ወይም ከዚያ በላይ የመጀመሪያውን ዓመት ይሻገራሉ። ፈተናው ከዚያ በኋላ ባሉት ዓመታት ነው።

በዓለም የመጀመሪያው የተሳካ የኩላሊት ንቅለ ተከላ እ.ኤ.አ. ታኅሣሥ 1954 አሜሪካ፣ ቦስተን ውስጥ በዶክተር ጆሴፍ መሪ መሪነት ተደረገ። ሮናልድ ሄሪክ ለመንትያ ወንድሙ ለሪቻርድ ነበር የለገሰው። ሁለቱ ፍጹም ተመሳሳይ መንትዮች ስለነበሩ የሪቻርድ ሰውነት ኩላሊቱን እንደ ባዕድ አላየውም። ሪቻርድ ስምንት ዓመት ኖሮ በ1963 አረፈ። የመጀመሪያ ኩላሊቶቹን ያበላሸው በሽታ በአዲሱም ላይ ተመልሶ መጥቶበት ነበር። ለጋሹ ሮናልድ ግን በአንድ ኩላሊት እስከ 79 ዓመቱ ኖሯል።

ከዚህ ታሪክ ሁለት ነገር እንማራለን። አንደኛ፣ የኩላሊቱ መግጠም ብቻውን ዋስትና አይሆንም። ሁለተኛ፣ በደንብ ተመርምሮ የለገሰ ሰው በአንድ ኩላሊት ረጅም ዕድሜ መኖር ይችላል።

🔹 ከቀዶ ጥገናው በፊት የሚወሰኑ ነገሮች

1. ለጋሹ ማነው? የለጋሹ ዕድሜ፣ የደም ግፊቱ፣ የስኳሩና የራሱ የኩላሊት ጤንነት ውጤቱ ላይ ለውጥ ያመጣል። ወጣትና ጤነኛ ለጋሽ ተመራጭ ነው። በሕይወት ካለ ሰው የተወሰደ ኩላሊት ብዙ ሳይቆይ ስለሚተከል ወዲያው ሽንት መሥራት ይጀምራል፤ ይሄ ለረጅም ዕድሜው ይጠቅማል።

2. መግጠሙ። የደም ዓይነት መጀመሪያ ይታያል፤ ኦ የደም ዓይነት ያለው ለሁሉም መለገስ ይችላል። ቀጥሎ የቲሹ ምርመራ አለ። እናትና አባት ለልጃቸው ሁልጊዜ ቢያንስ በግማሽ ይገጥማሉ። የአንድ እናትና አባት ልጆች ከሆኑ ደግሞ ሙሉ በሙሉ የመግጠም ዕድላቸው ከአራት አንድ፣ በግማሽ የመግጠም ዕድላቸው ከአራት ሁለት፣ ምንም ያለመግጠም ዕድላቸው ከአራት አንድ ነው። ስለዚህ "ወንድሙ አልገጠመም" ሲባል ዝምድና ላይ ጥርጣሬ አያስፈልግም፤ የተፈጥሮ ዕጣ ነው።

3. ቀድሞ የተፈጠረ ፀረ እንግዳ አካል። ከዚህ በፊት ደም የተሰጠው ሰው፣ የወለደች ሴት፣ ወይም ቀደም ሲል ንቅለ ተከላ ያደረገ ሰው በደሙ ውስጥ የሌላን ሰው ቲሹ የሚያጠቃ ፀረ እንግዳ አካል ሊኖረው ይችላል። ባል ለልጆቹ እናት ልለግስ ሲል ይህ በጥንቃቄ የሚታየው ለዚህ ነው፤ በእርግዝና ጊዜ የሰውነቷ መከላከያ የእሱን ምልክት በልጆቹ በኩል አውቆት ሊሆን ይችላል። ደም ማነስ ያለበት የኩላሊት ታማሚም ደም ከመውሰዱ በፊት "ንቅለ ተከላ አስቤያለሁ" ብሎ ለሐኪሙ ቢናገር ጥሩ ነው። ሌላ አማራጭ ካለ ይታይለታል።

4. እጥበት ላይ የቆየበት ጊዜ። ዲያሊሲስ ላይ ብዙ ዓመት በቆየ ቁጥር ልብና የደም ሥር ይጎዳል፣ ከተተከለም በኋላ ውጤቱ ይቀንሳል። ለጋሽ ያለው ቤተሰብ "እስቲ ትንሽ እንየው" እያለ ዓመታት ባያሳልፍ ይመረጣል። ሁኔታው ከፈቀደ እጥበት ሳይጀመር ወይም እንደተጀመረ መተከል የተሻለ ውጤት አለው።

5. መጀመሪያ ኩላሊቱን ያበላሸው ምንድነው? አንዳንድ የኩላሊት በሽታዎች በአዲሱም ላይ ይመለሳሉ። ስኳርና ግፊትም ካልተያዙ አዲሱን ኩላሊት እንደ ድሮው ያጠቁታል። የበሽታው መነሻ ከታወቀ ሐኪሙ አስቀድሞ ይዘጋጃል።

🔹 ትልቁ ጉዳይ፦ መድኃኒቱ

ሰውነታችን ባዕድ ነገር ሲያይ ማጥቃት ተፈጥሮው ነው፤ ከወንድም የመጣውንም ኩላሊት ቢሆን አይምርም። የሚወሰዱት መድኃኒቶች ይህን የመከላከያ ኃይል የሚያለዝቡ ናቸው። በብዛት የሚሰጡት ሦስት ናቸው፦ ታክሮሊመስ (ወይም ቀደም ያለው ሳይክሎስፖሪን)፣ ማይኮፌኖሌትና ፕሬድኒሶሎን። ኩላሊቱ እስካለ ድረስ ይወሰዳሉ። "አሁን ተሽሎኛል፣ ለምን እጎዳለሁ" ብሎ ማቆም ኩላሊቱን አውጥቶ እንደ መጣል ነው።

ዓመታት ካለፉ በኋላ ኩላሊት ከሚጠፋባቸው ዋና ምክንያቶች አንዱ መድኃኒት መዝለል ነው። አንድ ቀን የተረሳ ክኒን ወዲያው ኩላሊቱን አይገድለው ይሆናል። እየተደጋገመ ሲሄድ ግን ሰውነት በኩላሊቱ ላይ አዲስ ፀረ እንግዳ አካል ያመርታል፤ አንዴ ከተፈጠረ ደግሞ ማጥፋቱ በጣም ከባድ ነው።

👉 ሰዓቱን አጥብቁ። በቀን ሁለት ጊዜ የሚወሰደው ታክሮሊመስ በ12 ሰዓት ልዩነት ነው። የእኛ የሰዓት አቆጣጠር ለዚህ ይመቻል፦ ጠዋት 2 ሰዓት፣ ማታ 2 ሰዓት። ስልካችሁ ላይ አላርም ሙሉ።

👉 ከምግብ ጋር ያለውን ነገር አትቀያይሩ። ወይ ሁልጊዜ ከምግብ በፊት፣ ወይ ሁልጊዜ ከምግብ ጋር።

👉 የረሳችሁትን ለማካካስ ሁለት እጥፍ አትውሰዱ። ከረሳችሁ ወይም ክኒኑን ከዋጣችሁ በኋላ ካስመለሳችሁ ወደ ሐኪማችሁ ደውሉ።

👉 የመድኃኒቱን ዓይነት በራሳችሁ አትቀይሩ። የታክሮሊመስ አምራቾች የተለያዩ ናቸው። በቀን አንዴ የሚወሰድና በቀን ሁለቴ የሚወሰድም አለ። ፋርማሲው ሌላ ማሸጊያ ከሰጣችሁ ወይም ዘመድ ከውጭ የላከው የተለየ ከሆነ፣ ከመጀመራችሁ በፊት ለሐኪማችሁ አሳዩት። ከተቀየረ በደም ውስጥ ያለው መጠን መለካት አለበት።

👉 እስኪያልቅ አትጠብቁ። ቢያንስ የሁለት ሳምንት መጠባበቂያ ቤት ውስጥ ይኑር። ለበዓል ወይም ለለቅሶ ገጠር ስትሄዱ መድኃኒቱን ጉዞው ከሚፈጀው ቀን በላይ ያዙ።

አሁን ደግሞ ከእኛ አካባቢ ለሚሄድ ሰው የምትጠቅም አንድ ነገር። ወልቂጤ ከአዲስ አበባ 155 ኪሎ ሜትር ያህል፣ ቡታጅራ 130 ኪሎ ሜትር ያህል ትርቃለች። ለቀጠሮ ሌሊት ተነስቶ መኪና የሚይዝ ሰው "መንገድ ላይ እንዳልረሳው" ብሎ የጠዋቷን ታክሮሊመስ ውጦ ይሳፈራል። የመድኃኒቱ መጠን የሚለካው ግን የጠዋቱ ክኒን ከመወሰዱ በፊት፣ ከማታው 12 ሰዓት ያህል ቆይቶ ነው። ውጦ ከሄደ ቁጥሩ ከፍ ብሎ ይታያል፤ ሐኪሙም ያንን አይቶ መጠኑን ሊቀንስበት ይችላል። ስለዚህ ክኒኗን በኪስ ይዛችሁ ሂዱ፣ ደም እንደሰጣችሁ እዚያው ዋጧት።

🔹 ኩላሊት ሲጎዳ ላያምም ይችላል

የብዙ ሰው ስህተት እዚህ ላይ ነው። "ምንም አላመመኝም፣ ቀጠሮው ይለፈኝ" ይላል። ሰውነት ኩላሊቱን ማጥቃት ሲጀምር ብዙ ጊዜ ሕመም የለውም፣ ሽንትም ሊቀጥል ይችላል። እብጠትና ድካም ሲመጣ ጉዳቱ ሩቅ ሄዷል።

ቀድሞ የሚናገረው የደም ምርመራው ነው፤ በተለይ ክሬቲኒን የሚባለው። እዚህ ላይ የራሳችሁን ቁጥር ማወቅ አለባችሁ። ለምሳሌ ሁልጊዜ 1.2 የነበረ ሰው 1.5 ቢሆን ብዙ ሰው "ትንሽ ነች" ሊላት ይችላል፤ ግን የአንድ አራተኛ ጭማሪ ነው፤ ምክንያቱ መፈለግ አለበት። ሌላው ሰው ግን ከመጀመሪያው 1.5 ላይ የተረጋጋ ሊሆን ይችላል። ውጤታችሁን ከጎረቤት ጋር ሳይሆን ከራሳችሁ ያለፈ ውጤት ጋር አስተያዩ። አንድ ደብተር ገዝታችሁ ቀኑን፣ ክሬቲኒኑን፣ የታክሮሊመስ መጠኑን፣ ግፊቱንና ክብደቱን ጻፉ። ሌላ ሐኪም ቢያያችሁ እንኳ ያ ደብተር ብዙ ይናገራል።

ሰውነት ኩላሊቱን መግፋት መጀመሩ በጊዜ ከተደረሰበት ብዙውን ጊዜ ይታከማል። ቁርጡን ለማወቅ በመርፌ ትንሽ ቅንጣት ተወስዶ (ባዮፕሲ) ይመረመራል። "ኩላሊቴን ሊወጉት ነው" ብላችሁ አትሽሹ።

🔹 ከሌላ መድኃኒት ጋር መጋጨት

ኩላሊት የተተከለለት ሰው ፋርማሲ ሲገባ የመጀመሪያ ቃሉ "ኩላሊት ተተክሎልኛል" መሆን አለበት። ለምን?

▪️ ዳይክሎፌናክ፣ አይቡፕሮፌንና መሰል ማስታገሻዎች ኩላሊቱን በቀጥታ ይጎዳሉ። ለራስ ምታትም ሆነ ለወገብ ሐኪም ሳይጠየቅ አይወሰዱም።

▪️ የቲቢ መድኃኒት የሆነው ሪፋምፒሲን ታክሮሊመስን በደም ውስጥ በጣም ዝቅ ያደርገዋል። ቲቢ በብዛት ባለበት ሀገር ይህ ቀላል ነገር አይደለም። ቲቢ መታከም አለበት፣ ግን የንቅለ ተከላ ሐኪሙ አውቆት መጠኑ እየተስተካከለ።

▪️ ፍሉኮናዞል፣ ኢሪትሮማይሲንና ክላሪትሮማይሲን በተቃራኒው ታክሮሊመስን ከፍ ያደርጉታል። ሲበዛ ታክሮሊመስ ራሱ ኩላሊትን ይጎዳል፣ እጅም ያንቀጠቅጣል።

▪️ ጄንታማይሲን የሚባለው መርፌ ለኩላሊት አደገኛ ነው።

▪️ ግሬፕ ፍሩት የሚባለው ፍሬና ጭማቂውም የመድኃኒቱን መጠን ከፍ ያደርጋል።

▪️ የባህል መድኃኒት። እናቶቻችን በፍቅር የሚቀምሙት ነው፣ ይገባናል። ነገር ግን በውስጡ ያለው ነገር ከክኒኑ ጋር ምን እንደሚያደርግ አይታወቅም፤ ልኩም አይለካም። የተቀቀለም ሆነ የተፈጨ ሥር ከመውሰዳችሁ በፊት ሐኪም ጠይቁ።

🔹 ኢንፌክሽንና የመስቀል ክትፎ

መከላከያው የለዘበ ሰውነት ለኢንፌክሽን በሩ ክፍት ነው። የሽንት ቧንቧ ኢንፌክሽን፣ ቲቢ፣ ሳይቶሜጋሎ የሚባለው ቫይረስ፣ እንዲሁም ኩላሊቱን ራሱን የሚያጠቃው ቢኬ ቫይረስ በዚህ የታወቁ ናቸው። የመጀመሪያዎቹ ወራት በተለይ ያሰጋሉ፤ የመድኃኒቱ መጠን ከፍተኛ የሚሆነው ያኔ ነውና።

እንግዲህ ወደ ማዕዳችን እንምጣ። ጉራጌ ቤት መስቀል ያለ ክትፎ አይታሰብም። ከአዲስ አበባም ከሌላም ከተማ ቤተሰብ ይሰበሰባል፣ ጣባው ይቀርባል፣ "እንዴት አትቀምስም!" ይባላል። ኩላሊት ለተተከለለት ሰው ግን ጥሬ ሥጋ፣ ጥሬ ክትፎም ሆነ ለብለብ፣ አይፈቀድም። ኮሶ ብቻ አይደለም ጉዳዩ፤ ሌላውን ሰው ለሁለት ቀን ተቅማጥ የሚይዘው ባክቴሪያ እሱን ሆስፒታል ያስተኛዋል። ተቅማጡ ራሱ የመድኃኒቱን መጠን ያዛባል፣ ውሃ ያሳጣል፣ ኩላሊቱን ይጎዳል።

መፍትሔው ከማዕድ ማራቅ አይደለም። የእሱን ድርሻ በደንብ አብስሉለት፣ ውስጡ ቀይ እስካይሆን። ቆጮውን በሚገባ የተጋገረውን ይብላ። አይቡ ካልፈላ ወተት የተሠራ ከሆነ ይለፈው፤ ጥሬ ወተትም እንዲሁ። ጎመኑ የበሰለ ይሁን። ባለቤቶች፣ እናቶች፣ አክስቶች፦ ሳይጠይቃችሁ የበሰለውን ለይታችሁ ብታቀርቡለት ከሰው ፊት ከመግደርደር አዳናችሁት ማለት ነው።

ክትባትም ይጠየቅ። ከንቅለ ተከላ በኋላ እንደ ኩፍኝና ቢጫ ወባ ያሉ ሕያው ክትባቶች አይሰጡም፤ ሌሎቹን ግን ሐኪሙ ያዛል።

🔹 ግፊት፣ ስኳር፣ ጫትና ሲጋራ

ብዙ ሰው የማያውቀው አንድ ሐቅ አለ። ኩላሊታቸው በደንብ እየሠራ በልብ ሕመም፣ በስትሮክ፣ በኢንፌክሽን ወይም በካንሰር የሚሞቱ ተቀባዮች ጥቂት አይደሉም። ስለዚህ ኩላሊቱን ብቻ ሳይሆን ሰውየውን መጠበቅ ያስፈልጋል።

የደም ግፊት ከ130/80 በታች እንዲሆን ይመከራል። ይህን ለመለካት አዲስ አበባ መሄድ አያስፈልግም፤ ቅርባችሁ ያለ ጤና ጣቢያ ይበቃል። ፕሬድኒሶሎንና ታክሮሊመስ ቀድሞ ስኳር ያልነበረበትንም ሰው ስኳር ሊያሲዙት ይችላሉ፤ ፕሬድኒሶሎን የምግብ ፍላጎትም ይጨምራል። ክብደት ይታይ፣ ጨው ይቀነስ፣ እግር ይንቀሳቀስ። ሐኪም ካልከለከለ በቂ ውሃ ይጠጣ።

ጫት ግፊትና የልብ ምት ይጨምራል፣ እንቅልፍና የምግብ ፍላጎት ይነሳል። ከሰዓት የተጀመረ ጨዋታ ሲረዝም ደግሞ የማታዋ 2 ሰዓት ክኒን ትረሳለች። ሲጋራ የደም ሥርን ያጠባል፣ የካንሰርንም ዕድል ይጨምራል። ሁለቱንም ማቆም ነው የሚሻለው። ጠንካራ ፀሐይ ላይ ኮፍያና ረጅም እጅጌ ልበሱ፤ መድኃኒቶቹ የቆዳ ካንሰር ዕድልን ይጨምራሉ።

🔹 ጾምና እርግዝና

የዓቢይ ጾምም ሆነ የረመዳን፣ ጥያቄው አንድ ነው፦ ክኒኑ በሰዓቱ ይዋጣል ወይ? ውሃስ ያንሳል ወይ? ኩላሊቱ ለተረጋጋ ሰው ሐኪም ሊፈቅድ ይችላል፤ በቅርብ ለተተከለለት ግን አይመከርም። ሁለቱም እምነቶች ለታመመ ሰው ቦታ አላቸው። መጀመሪያ ሐኪማችሁን፣ ቀጥሎ የሃይማኖት አባታችሁን አማክሩ። በራሳችሁ የመድኃኒት ሰዓት አትቀያይሩ።

ኩላሊት የተተከለላት ሴት መውለድ ትችላለች። ግን ቢያንስ አንድ ዓመት መቆየት፣ ኩላሊቱም መረጋጋት አለበት። ማይኮፌኖሌት ፅንስን ስለሚጎዳ ከማርገዟ ከሳምንታት በፊት በሌላ መቀየር አለበት። ስለዚህ እስከዚያ የወሊድ መከላከያ፣ ከዚያ በዕቅድ።

🔹 ለጋሹን አትርሱት

ቤተሰቡ ሁሉ በተቀባዩ ዙሪያ ሲሰበሰብ፣ የሰጠው ወንድም ወደ ሥራው ተመልሶ ይረሳል። ለጋሹም በዓመት አንድ ጊዜ ግፊቱን፣ ሽንቱንና ክሬቲኒኑን መታየት አለበት። ማስታገሻ እንደፈለገ አይውሰድ፣ ክብደቱንም ይጠብቅ።

ለተቀባዩም አንድ ቃል። አንዳንዱ ተቀባይ ኩላሊቱ መድከም ሲጀምር "ለወንድሜ ምን እላለሁ" ብሎ ያፍርና ይደብቃል። ክኒን መርሳታችሁንም፣ ገንዘብ ማጣታችሁንም ለሐኪም በግልጽ ተናገሩ። የተደበቀ ነገር አይታከምም።

🔹 ገንዘቡና መንገዱ

እውነቱን እንነጋገር። መድኃኒት የሚቋረጠው በስንፍና ብቻ አይደለም። ክኒኑ ውድ ነው፣ አንዳንዴ ከገበያ ይጠፋል፣ የላቦራቶሪ ክፍያና የመኪና ወጪ አለ፣ መንገዱም ሁልጊዜ አስተማማኝ አይደለም። አብዛኛው መዋጮ የሚሰበሰበው ለቀዶ ጥገናው ነው፤ ሰውየው ሲመለስ ግን ወጪው አላበቃም፤ ገና መጀመሩ ነው።

ስለዚህ ንቅለ ተከላ ያሰበ ቤተሰብ ሲቀመጥ "ለኦፕራሲዮኑ ስንት?" ብቻ ሳይሆን "ለየወሩ ስንት፣ ማን ይሸፍናል?" ብሎ ይነጋገር። እቁብ የሚጥል ቤተሰብ ለመድኃኒት የሚሆን ትንሽ ወርሃዊ መዋጮ ማደራጀት አያቅተውም። ከአዲስ አበባ መድኃኒቱን ገዝቶ የሚልክ አንድ ሰው ይመደብ። መድኃኒት ሊያልቅ ሲል መጀመሪያ የሚደወለው ለታከማችሁበት ማዕከል ይሁን፤ ምትክ የሚያዘው እሱ ነው።

🔹 እነዚህን ካያችሁ ቀጠሮ አትጠብቁ

✅ ትኩሳት ወይም ብርድ ብርድ ማለት
✅ የሽንት መቀነስ፣ ደም መቀላቀል ወይም ሲሸኑ ማቃጠል
✅ የፊት ወይም የእግር እብጠት፣ በድንገት የጨመረ ክብደት
✅ ኩላሊቱ የተተከለበት ቦታ፣ ከሆድ በታች በአንድ ጎን፣ ሕመም
✅ ያልቆመ ተቅማጥ ወይም ማስመለስ
✅ ሳል ከሁለት ሳምንት በላይ፣ የሌሊት ላብ
✅ ከወትሮው በጣም የጨመረ ግፊት

መጀመሪያ ቅርብ ወዳለው ሆስፒታል ሂዱ፣ ደብተራችሁንና የመድኃኒት ማሸጊያውን ይዛችሁ፤ ከዚያም ለተከታተላችሁ ማዕከል አስደውሉ።

"ዳነ አይደል?" ለሚለው ጥያቄ መልሳችን ይኸው ነው፦ ከእጥበት ማሽን ተላቋል፣ ኩላሊቱን ግን በየቀኑ መጠበቅ አለበት። ደግሞ ብቻውን አይችለውም። 2 ሰዓት ሲሆን "ወሰድክ ወይ?" የሚለው ልጅ፣ ሥጋውን አብስላ የምታቀርብ እህት፣ የመኪና የሚሸፍን ወንድም ያስፈልጉታል።

ይህ ጽሑፍ ለግንዛቤ ነው፤ የሐኪማችሁን ትእዛዝ አይተካም። ኩላሊት የተተከለለት ወይም ለመተከል የሚጠባበቅ ሰው የምታውቁ ከሆነ ሼር አድርጉለት።